የምርጫ ብዛት ያስከተለው ድክመት
የኢንተርኔትን ምስጠራ ለረጅም ጊዜ ያዳከመው የስልተ ቀመር ምርጫ ብዛት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት ጠንካራ ምስጠራን ከጦር መሣሪያ ጋር መድቦ፣ ወደ ውጭ የሚላክ ሶፍትዌር በአብዛኛው ከ40 ቢት ቁልፍና ከ512 ቢት አርኤስኤ እንዳያልፍ ገደበ። የድረ ገጽ ማሰሻ ሠሪው ኔትስኬፕም ጠንካራውን ስሪት ለአገሩ ሰው፣ ደካማውን ለቀሪው ዓለም አዘጋጀ። ገደቡ በ2000 ገደማ ቢላላም፣ ደካሞቹ ስልተ ቀመሮች እንደ ኦፕንኤስኤስኤል ካሉ የደኅንነት ላይብረሪዎች አልወጡም፤ አሮጌ ፕሮግራም እንዳይቋረጥ ተብሎ ቀሩ። ዋጋው በ2015 ፍሪክ የተባለው ጥቃት ይፋ ሲሆን ታየ፤ መሃል የገባ አጥቂ ሁለቱ ወገኖች ስልተ ቀመር የሚመርጡበትን የድርድር መልእክት ለውጦ፣ ተጠቃሚው ያልጠየቀውን የ512 ቢት ቁልፍ ያስመርጥ ነበር። ይህን ቁልፍ መስበር ደግሞ በዚያን ጊዜ በኪራይ ኮምፒውተሮች በሰዓታት የሚያልቅ ሥራ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ሎግጃም የተባለው ጥቃት ያንኑ ድክመት በዲፊ-ሄልማን የቁልፍ ልውውጥ ላይ አሳየ።

ምርጫው ከጠበበ፣ አንዱ ሲሰበር ምን ይተካዋል ብለው የሚሞግቱ አሉ። ስጋታቸው መሠረት አለው፤ በ1977 መስፈርት የሆነው የምስጠራ ስልተ ቀመር ዴስ በ1998 ለዚሁ በተሠራ ማሽን በ56 ሰዓት ተፈትቷል። ሆኖም መጠባበቂያ መያዝና የተሰበረውን ማቆየት ለየቅል ናቸው። በ2018 የወጣው የኢንተርኔት ምስጠራ ፕሮቶኮል ቲኤልኤስ 1.3 አምስት የስልተ ቀመር ጥምረቶችን ብቻ ሲይዝ፣ ከኤኢኤስ ስልተ ቀመር ጎን በአሠራሩ የተለየውን ቻቻ20 አኑሯል። ከዚህም በላይ ምስጠራንና የመልእክት ማረጋገጫን ለየብቻ ሠርቶ ማጣመርን ከልክሏል፤ በ2013 የታየው ላኪ ሰርቲን ጥቃት የገባው በዚያ ስፌት በኩል ነበርና።