የጉልበት ቀለበት

እግሬ የከዳኝ በ1969 ዓ.ም. መንዝ ውስጥ ነው፤ አምስት ዓመቴ ነበር። አያቴ «ምች ነው» አለች፣ ጎረቤት «ዓይን ነው» አለ፣ አባቴ ግን መርፌውን ከሰሰ። ለትኩሳቱ በተወጋሁ ማግስት ነበር መቆም ያቃተኝ። አድጌ ሳነብ ክሱ ባዶ እንዳልነበረ ገባኝ፤ የልጅነት ልምሻ ቫይረስ በሰውነት ውስጥ ሳለ ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌ ሽባነቱን ሊቀሰቅስ ይችላል። ልምሻ የሚጎዳው ጡንቻን የሚያዙትን ነርቮች ነው፤ ስሜትን አይነካም። የማይታዘዘኝ እግሬ ቁንጫ ሲነክሰው ግን አሳምሮ ያውቃል።

ልምሻን የሚከላከለው የሳልክ ክትባት ውጤት የታወጀው እ.ኤ.አ. በ1955 ነበር። በእኛ አገር ሰፊው የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። ሦስት ዓመት ቀደምኩት።

ወጌሻ አሸኝ፣ ጸበል ተጠመቅኩ፤ ስድህ ከርሜ ጉልበቴ ታጥፎ ቀረ። አባቴ ሊያስመዘግበኝ በእንኮኮ ቢወስደኝ መምህሩ «ማን ያመላልሳታል?» ብለው መለሱን።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ጅማቴ በቀዶ ሕክምና ተፈታ፣ እግሬ በጀሶ ተቃና፤ ከዚያ መናገሻ ወዳለው የአካል ጉዳተኛ ልጆች ማገገሚያ፣ ወደ ቼሻየር ሄድኩ። ስሙ የተወሰደለት ሊዮናርድ ቼሻየር የእንግሊዝ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነበር። ናጋሳኪ ላይ ቦምብ ሲጣል ከሌላ አውሮፕላን ሆኖ አይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ የመጀመሪያውን የአካል ጉዳተኞች ቤቱን በአገሩ ከፈተ። ለእኛ ለልጆቹ ግን «ቼሻየር» የሰው ስም አልነበረም፤ የሰፈር ስም ነበር።

ታሪክ ሲጻፍ መሥራቹና ሐኪሙ ይነሳሉ። እኔን ተማሪ ያደረገኝ ግን የእግር ድጋፍ ብረት የሚሠራው የቼሻየር ወርክሾፕ ሰውዬ ነው። ወረቀት ላይ አስተኝቶ እግሬን ዙሪያውን በእርሳስ ሣለው፤ ብረቱን በዚያ ሥዕል ልክ አጠፈው፣ ቆዳውን ሰፋው፣ ከጫማዬ ጋር አያያዘው። ጉልበቱ ላይ ቀለበት አለ። ስቆም ወርዶ ይቆልፋል፤ ስቀመጥ በጣቴ ወደ ላይ ስስበው ይታጠፋል። መምህር ሲገባ ሁሉም ብድግ ሲል የእኔ «ቀጭ» ብቻዋን ወደ ኋላ ትቀራለች።

እኔ ሳድግ ብረቱ ባለበት ይቀራል። ማጠፊያው ከጉልበቴ ዝቅ ይልና ቆዳው ይልጠኛል፤ ያኔ አባቴ በግ ሸጦ መናገሻ ይመልሰኛል። አንድ ክረምት መንገዱ ተቆርጦ ቀረን። ቀለበቱ ጭቃ ጠጥቶ አልነሳ አለ። ያን ጊዜ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ እግሬን መተላለፊያው ላይ እንደ ደፍ ዘርግቼ ስማር፣ መምህሩ ወደ ሰሌዳው በሄዱ ቁጥር ይራመዱት ነበር።