ኢስት ኮልፋክስ፦ የአውሮራ ድምፅና የኢትዮጵያ ጥያቄ

ኢስት ኮልፋክስ በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ከዴንቨር መሐል ተነሥቶ ወደ አውሮራ የሚዘልቅ ጎዳና ነው። በግራና በቀኙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ምግብ ቤቶችንና መደብሮችን ከፍተዋል። ሁለቱን ከተሞች የሚለየውን የዮሰሚቲ መንገድ እግረኛው ልብ ሳይለው ይሻገረዋል፤ መራጩ ግን በዚያ መስመር የምክር ቤት ተወካዩን ይቀይራል።

በ2010 ዓ.ም. የአውሮራ ተወካይ ሪፐብሊካኑ ማይክ ኮፍማን ነበሩ። ስድስተኛው የምርጫ ወረዳ ሁለቱ ፓርቲዎች አጥብቀው የሚፎካከሩበት ስለነበር፣ ዜግነት ያገኙ ኢትዮጵያውያን ድምፅ ክብደት ነበረው። ኮፍማንም ኤች አር 128 ተብሎ ለሚታወቀው የውሳኔ ሐሳብ ከቆሙት ዋነኛ የምክር ቤት አባላት አንዱ ሆኑ። የሰነዱ አመንጪ የኒው ጀርሲው ክሪስ ስሚዝ ናቸው። ሰነዱ በሰላማዊ ሰልፈኞች ላይ የተፈጸመውን ግድያ ያወግዛል፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ እንዲነሣና እስረኞች እንዲፈቱም ይጠይቃል። የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ሚያዝያ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑ ገና ስምንት ቀን ነበር። አስገዳጅነት ስላልነበረው የለውጡ ምክንያት አድርጎ መቁጠር ማጋነን ይሆናል።

ይልቅ የሚያስገርመው ከሰነዱ ጀርባ የተሰለፈው ኅብረት ነው። የኦሮሞና የአማራ ማኅበራት በአንድነት ወተወቱ። ስምምነታቸው ግን ስለ ጭቆናው እንጂ ስለ አገሪቱ ቅርጽ አልነበረም፤ በሰንደቅ ዓላማው ላይ እንኳ፣ አርማ ይኑረው አይኑረው በሚለው፣ ዲያስፖራው አንድ ልብ አልነበረውም።

አውሮፓም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። በግንቦት 1910 ዓ.ም. በአሜሪካ የሚኖሩ ቼኮችና ስሎቫኮች በፒትስበርግ ከቶማሽ ማሳሪክ ጋር ተፈራርመው የጋራ አገር እንዲመሠረት ደገፉ። ቼኮስሎቫኪያ በጥቅምት 1911 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1918፣ ተወለደች። ለስሎቫኮች ቃል የተገባው የራስ አስተዳደር ግን ለዓመታት አጨቃጨቀ፤ አገሪቱም በ1993 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለሁለት ተከፈለች።

የኮሎራዶው ኅብረት ግብ ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር። ኮፍማን በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ በዴሞክራቱ ጄሰን ክሮው ተሸነፉ፤ ከዓመት በኋላ የአውሮራ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲፈነዳ በአሜሪካ ከተሞች ኢትዮጵያውያን ተቃራኒ መፈክር ይዘው ወጡ፤ አንዱ ወገን ዋሽንግተን ጫና እንድታሳድር፣ ሌላው እጇን እንድትሰበስብ ጠየቀ።