ዳምፒንግ ሲንድረም

ውፍረት ለመቀነስ ቀዶ ሕክምና ባደረጉ፣ በተለይም ጋስትሪክ ባይፓስ በተሠራላቸው ሰዎች ላይ የሚታይ የምግብ መፈጨት ችግር ነው። የጨጓራ መውጫ ምግብን በጥቂት በጥቂቱ ወደ አንጀት ይለቅ ነበር፤ በባይፓስ ግን ይህ በር ስለሚታለፍ ስኳር የበዛበት ምግብ በጥድፊያ ትንሹ አንጀት ውስጥ ይገባል፤ ከደም ሥርም ውሃ ይስባል። ከተበላ በኋላ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ ላብና የልብ ምት መፍጠን ይከተላሉ። ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ የሚመጣው ይበልጥ ያሳስባል፦ በብዛት የመነጨ ኢንሱሊን የደም ስኳርን ስለሚያወርድ ሕመምተኛው ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ራሱን ይስታል። ይህ ሁሉ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሊነገረው ይገባል። ለስላሳ መጠጥንና ጣፋጭን መተው፣ ጥቂት ጥቂት መብላት፣ ከምግብ በኋላ ለ30 ደቂቃ ያህል አለመጠጣት ብዙዎችን ያሽላል፤ ለቀሩት አካርቦዝ የተባለ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል።