እንቁራሪት ውሃ በአፏ አትጠጣም፤ ታዲያ በምን?

ቤተሰቦች፣ ዛሬ የምናወራው ስለ እንቁራሪት ጥማት ነው። አትሳቁ፤ ነገሩ የኛንም ኩላሊት ይነካል።

እንቁራሪት ሲጠማት እርጥብ ቦታ ፈልጋ ሆዷን ትለጥፋለች። በኋላ እግሮቿ መሃል ያለው ቆዳ ውሃውን ይመጠዋል። ሥራውን የሚሠሩት አኳፖሪን የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። በሴል ሽፋን ላይ የተተከለ በጣም ጠባብ ቧንቧ በሉት፤ አንዱ ብቻ በሰከንድ እስከ 3 ቢሊዮን የውሃ ሞለኪውል ሊያሳልፍ ይችላል።

ልጅ እያለች ግን ይሄ የቆዳ ቧንቧ አያስፈልጋትም። ያኔ ጅራት አላት፣ በስንጥብ ትተነፍሳለች፣ ኑሮዋ ኩሬ ውስጥ ነው። ሰውነቷ ከኩሬው የበለጠ ጨው ስላለው ውሃው ሳይጠራ በኦስሞሲስ ይገባባታል። ጭንቀቷ ጥማት ሳይሆን ጎርፍ ነው፤ ኩላሊቷ ቀን ከሌት ቀጭን ሽንት እየሠራ ያስወጣል። በዚህ ላይ ቆዳዋ ቧንቧ ቢከፍት አስቡት!

ከዚያ የታይሮይድ ሆርሞን ይጨምራል። እግር ይወጣል፣ ጅራት ይሟሽሻል፣ ስንጥቡ ቦታውን ለሳንባ ይለቃል። የጃፓን የዛፍ እንቁራሪት ላይ እንደታየው፣ የሆድ ቆዳው አኳፖሪን ብቅ የሚለው በዚሁ ለውጥ ወቅት፣ ወደ የብስ ልትወጣ ስትል ነው።

ቧንቧው ሁሌ ሥራ ላይ አይደለም። ሰውነቷ ሲደርቅ ቫሶቶሲን የሚባል ሆርሞን ይለቀቅና ሴል ውስጥ ተሸሽገው የነበሩትን ቧንቧዎች ወደ ላይኛው ሽፋን ያስወጣቸዋል። ፊኛዋ ላይም እንደዚያው፤ የያዘችውን ሽንት ውሃ መልሳ ትወስዳለች።

ዕድሜዋን በአብዛኛው ውሃ ውስጥ የምታሳልፈው የአፍሪካዋ ዜኖፐስ ሌቪስስ? ለዚህ የቆዳ ፕሮቲን የሚሆነውን ኤምአርኤንኤ ትሠራለች፣ ፕሮቲኑ ራሱ ግን ቆዳዋ ላይ አልተገኘም። ትዕዛዙ አለ፣ ዕቃው የለም! በነገራችን ላይ የአኳፖሪንን ሥራ በ1992 ያረጋገጡት እነ ፒተር አግሬ የተጠቀሙት በእሷው እንቁላል ነበር። የሰውን አኳፖሪን መመሪያ የተወጋው እንቁላል ቀጭን ውሃ ውስጥ ሲገባ አብጦ ፈነዳ። አግሬ በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ተጋርቷል።

የኛ ኩላሊትም ተመሳሳይ ዘዴ ነው ያለው። ቫሶፕሬሲን የተባለው ሆርሞን አኳፖሪን 2ን ወደ ሴሉ ሽፋን ያወጣል፣ ውሃም ወደ ሰውነት ይመለሳል። የዚህ ፕሮቲን ጂን ተበላሽቶ የተወለደ ልጅ ስኳር ሳይኖርበት በቀን ብዙ ሊትር ይሸናል፣ ጥማቱም አይቆርጥለትም።