የልጅ የመጀመሪያ መጽሐፍ በጭሮና በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች

በምዕራብ ሐረርጌ፣ በቀድሞው ጨርጨር፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከመስፋፋቱ በፊት ልጅ ንባብ የሚጀምረው በሁለት መንገድ ነበር። በገለምሶና በአካባቢው የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ የዓረብኛ ፊደል የሚቆጥረው በቁርአን ቤት ነው። አንቀጹ ከእንጨት በተሠራ ሉሕ ላይ ይጻፍለታል፤ በቃሉ ሲይዘው ሉሑ ታጥቦ ሌላ ይጻፍበታል። በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ደግሞ ልጁ የኔታ ፊት ተቀምጦ የፊደል ገበታውን በስንደዶ እየነካ «ሀ ሁ» ይላል። በዜማ ሸምድዶት እንዳይሆን ቅደም ተከተሉ በተቀየረው በአቡጊዳ ይፈተናል። ከዚያ በግዕዝ የመጀመሪያውን የዮሐንስ መልእክት፣ ቀጥሎም ዳዊትን ያነባል። በሁለቱም ዘንድ ድምፅን አጥርቶ ማውጣት ይቀድማል፤ ትርጉሙ የሚመጣው ቆይቶ ነው።

በ1910ዎቹ አጋማሽ የጨርጨር ገዥ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውራጃውን መቀመጫ ከቁኒ ወደ አሰበ ተፈሪ፣ ወደዛሬዋ ጭሮ፣ አዛወሩ። ገዥው እንስሳትን የሚያናግር ተውኔት የጻፉ ደራሲ ቢሆኑም ድርሰቱ ለመድረክ እንጂ ለጀማሪ አንባቢ የታሰበ አልነበረም። ፊደል ለማስቆጠር የተስፋ ገብረ ሥላሴ ማተሚያ ቤት ያሰራጨው ገበታ በመላ አገሪቱ ሲያገለግል ኖሯል።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ትምህርት ቤቶች ሲበዙ የንባብ መጽሐፉ አማርኛ ሆነ። ቤቱ አማርኛ ለሚናገር ልጅ ንባብና ትርጉም አንድ ላይ መጡለት። በቤቱ ኦሮምኛ ብቻ የሚሰማው ግን ፊደሉንና ቋንቋውን እኩል መማር ነበረበት።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛን በግዕዝ ፊደል አስነበበ። በ1984 ዓ.ም. ቁቤ የተባለው የኦሮምኛ አጻጻፍ ሲመረጥ ደግሞ የልጅ መጽሐፍ በላቲን ፊደል እንደ አዲስ ተዘጋጀ። ቁቤ የአናባቢን ርዝመትና የተነባቢን መጥበቅ ፊደሉን በመድገም ያሳያል፤ አንዳንዱንም ድምፅ በሁለት ፊደል ይጽፋል። አጻጻፉ ከንግግሩ ጋር ይስማማል፤ ቃሉ ግን ስለሚረዝም ጀማሪን ያደናቅፋል።

በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ብቻውን እንዳልበቃ በ2002 ዓ.ም. የተካሄደው የንባብ ምዘና አሳየ፦ በተመዘኑት ክልሎች ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ ኦሮምኛና አማርኛን ጨምሮ በሰባት ቋንቋዎች አዳዲስ መማሪያ መጻሕፍት ተሰናዱ።

በዚህ መንገድ የጥሩ የመጀመሪያ መጽሐፍ መለኪያ ተለወጠ። ጽሑፉ ልጁ በሚናገረው ቋንቋ ይሆናል፤ በብዛት የሚያገለግሉት ፊደላት ይቀድማሉ፤ ጥንድ ፊደላትና ረጃጅም ቃላት ይዘገያሉ። ዐረፍተ ነገሩ አጭር፣ ሥዕሉም የተጻፈውን የሚደግፍ ይሆናል። ጫት፣ ቡናና ማሽላ ለሚያውቅ የጭሮ ልጅ በእነዚህ ስሞች የተሠራ ታሪክ ያነበበውን በሚያውቀው ነገር እንዲያረጋግጥ ያስችለዋል። በሁለተኛ ቋንቋ የሚቀርበው መጽሐፍ ደግሞ ልጁ አስቀድሞ በጆሮው ከለመዳቸው ቃላት ይነሣል።