የማሳይ ገበያና የዶቃው ታሪክ



ከመሥሪያ ቤትዎ ተልከው ለስብሰባ ወደ ናይሮቢ የሔዱ እንደሆነ፣ ስብሰባው ባለቀበት ዕለት በሆቴሉ በር ላይ አንድ ሰው «የማሳይ ገበያን ሳያዩ እንዳይመለሱ» ይልዎታል። የዱር አራዊት ለማየት ወደ ማሳይ ማራ ወይም ወደ አምቦሴሊ የወረዱ እንደሆነም ምክሩ ያው ነው። እኔም ምክሩን አልቃወመውም። ነገር ግን ገንዘብዎን ከኪስዎ ከማውጣትዎ አስቀድሞ፣ በመሬት ላይ ተዘርግቶ ስለሚያዩት ዕቃ ታሪክ ጥቂት ላጫውትዎ እወዳለሁ። ዕቃው ከሻጩም ከገዢውም ይልቅ ብዙ አገር የዞረ ነውና። ያለፈውን ዘመን በማነሣበት ቦታ ሁሉ ዓመቱን በኤውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ለይቼ እናገራለሁ።

የናይሮቢው የማሳይ ገበያ የራሱ ሕንፃ የለውም። አንድ ቀን በአንዱ ሜዳ፣ ሌላ ቀን በሌላው የመኪና ማቆሚያ ላይ ይቆማል። ሻጮቹ ጨርቃቸውን መሬት ላይ አንጥፈው ዕቃቸውን ይደረድራሉ፤ ሲመሽም ጠቅልለው ይሔዳሉ። ስሙ የማሳይ ይባል እንጂ ከሻጮቹ ብዙዎቹ ከሌላ ነገድ የተወለዱ ናቸው፤ ዕቃውም እንዲሁ ነው። በጉማሬና በሳሕን መልክ የተቀረጸው ለስላሳው የሳሙና ድንጋይ በምዕራብ ኬንያ በኪሲ አገር፣ ታባካ ከተባለው ቀበሌ ተቈፍሮ የሚወጣ ነው። ኪዮንዶ የሚሉት የቃጫ ዘንቢል የካምባና የኪኩዩ ሴቶች ሥራ ነው። ከእንጨት የተጠረበው ቀጭኔና ዝሆን የካምባዎች ነው፤ ይህም ጥበብ በነርሱ ዘንድ የተስፋፋው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲሆን፣ ጀማሪው ሙቲስያ ሙንጌ የተባለ የዋሙንዩ ሰው በጦርነቱ ጊዜ በታንጋኒካ ሳለ ከዚያ አገር ጠራቢዎች ተምሮት መጣ ይባላል። ከጐማ የተቈረጠውን ጫማ ሲያዩ ደግሞ ፈገግ ማለትዎ አይቀርም፤ የእኛው በረባሶ ነውና።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የማሳይ የሆነው የቱ ነው? ብለው ቢጠይቁ ጥያቄው ተገቢ ነው። በመጀመሪያ የከተማይቱ ስም የማሳይ ነው። ናይሮቢ የሚለው ቃል «ቀዝቃዛ ውሃ» ከሚል የማሳይ ቋንቋ የመጣ ነው። የባቡር ሐዲድ በ1899 እስኪደርስባት ድረስ ስፍራዋ ማሳዮች ከብት የሚያጠጡባት ረግረግ ነበረች። ሁለተኛው ዶቃው ነው፤ የዛሬው ነገሬም ይበልጡን ስለ እርሱ ነው።

የማሳይ ሴቶች ፈረንጅ ከመምጣቱ አስቀድሞ በዶቃ ያጌጡ ነበር። ያን ጊዜ ዶቃው የተክል ፍሬ፣ አጥንት፣ ሸክላ፣ ዛጎል፣ ብረትና መዳብ ነበረ። ዛሬ የምናየው ጥቃቅኑ የብርጭቆ ዶቃ፣ እኛ ጨሌ የምንለው፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። በቬኒስ አጠገብ በምትገኘው በሙራኖ ደሴትና በቦሔሚያ እየተሠራ፣ በመርከብ ዛንዚባር ይደርስና ከዚያ በሲራራ ነጋዴዎች ጀርባ ወደ መሀል አገር ይገባ ነበር። ስለዚህ አንዳንድ ጐብኚ ይህን ሲሰማ «ታዲያ የፈረንጅ ዕቃ ነዋ!» ብሎ ፊቱን ያዞራል። እኔ ግን እንዲህ ያለው ሰው ነገሩን ከሥሩ አልመረመረም እላለሁ። የጆሴፍ ቶምሰን ታሪክ ለዚህ ማስረጃ ይሆናል።

ቶምሰን የስኮትላንድ ተወላጅ ሲሆን፣ በ1883 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር ከባሕር ዳር ተነሥቶ በማሳይ አገር አቋርጦ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ድረስ እንዲሔድ ላከው። ዕድሜው ያን ጊዜ 25 ነበር። በዚያ ዘመን በማሳይ ምድር የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ሆንጎ የሚባል ኬላ ይከፍላል። ክፍያውም ዶቃ፣ የብረት ሽቦና ጨርቅ ነው። ቶምሰንም ዶቃውን በብዙ ሸክም አስጭኖ ወጣ። ነገር ግን በኪሊማንጃሮ ግርጌ ታቬታ ሲደርስ፣ ማሳዮች የሚቀበሉት በክር የተሰካውን፣ ርዝመቱም በእነርሱ ልክ የሆነውን ብቻ መሆኑን ተረዳ። ስለዚህ ጉዞውን አቁሞ፣ ተሸካሚዎቹን ሁሉ ተቀምጠው ዶቃ ሲሰኩ እንዲውሉ አደረገ። ጠመንጃ የያዙት አስካሪዎች ሳይቀሩ መርፌና ክር ይዘው ሲታዩ ምን ይመስሉ እንደ ነበር ያስቡት! ቀለሙም ቢሆን የማሳይ ሴቶች የወደዱት መሆን ነበረበት፤ ያልወደዱትን የሚቀበል የለም፤ ነጋዴውም ዕዳውን ታቅፎ ይመለሳል።

ይህን በልብዎ ይያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። በዚያ ዘመን ዋጋውን የሚቈርጠው፣ ልኩን የሚወስነው፣ ቀለሙን የሚመርጠው ማሳዩ ነበር። የቬኒሱ ብርጭቆ ሠሪና የዛንዚባሩ ነጋዴ ለእርሱ ፈቃድ ይገዙ ነበር። ዶቃው የባዕድ ነው፤ አሰካኩ፣ የቀለሙ አቀማመጥ፣ ያገባችው ሴት ከልጃገረዲቱ የምትለይበት ምልክት ግን የማሳይ ሴቶች ፈጠራ ነው። የወንዶቹ የዕድሜ ጓድ በተለወጠ ቍጥር ሴቶቹ አዲስ የዶቃ ዐይነት ያወጡለታል። በገበያው ውስጥ «ቀዩ የከብት ደም ነው፣ ነጩ ወተት ነው፣ ሰማያዊው ሰማይ ነው፣ አረንጓዴው ሣር ነው» ተብሎ ይነገርዎታል። ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ለመንገደኛ እንዲመች ያጠረ ትርጓሜ ነው። ዐዋቂይቱ ሴት የምትመለከተው አንዱ ቀለም ከሌላው ጋራ እንዴት እንደ ተቀመጠ ነው።

ታዲያ ይህ ባለጸጋና ኵሩ ሕዝብ ዕቃውን በመንገድ ዳር እስከ መዘርጋት እንዴት ደረሰ? የዚህ መልስ ከእኛ አገር ታሪክ ጋራ የተያያዘ ነው። አባቶቻችን ክፉ ቀን ብለው የሚጠሩትን ዘመን ያስታውሱ። በአማርኛ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በ1887፣ በእኛ አቆጣጠር በ1880 ዓ.ም. ገደማ፣ ኢጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋራ ገብቶ አገራችንን በሬና ላም አሳጣ። በሽታው በእኛ አገር አልቆመም፤ ወደ ደቡብ እየወረደ በ1890ና በ1891 ገደማ ማሳይ አገር ደረሰ። ኑሮው በወተትና በከብት ላይ ለቆመ ሕዝብ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ፈንጣጣና ረኃብ ተከተለ። ማሳዮች ያን ዘመን ኤሙታይ ይሉታል፤ እልቂት እንደ ማለት ነው። ብዙ ሴቶችና ሕፃናት ነፍሳቸውን ለማትረፍ ወደ ኪኩዩ ጎረቤቶቻቸው ተሰደዱ።

እንግሊዞች የባቡሩን ሐዲድ በ1896 ከሞምባሳ መዘርጋት ሲጀምሩ ያገኙት እንዲህ የተጐዳውን ሕዝብ ነው። በ1904 ውል ተደረገ። በሐዲዱ ዳርና ዳር ያለው የስምጥ ሸለቆ የግጦሽ መሬት ለነጭ ሰፋሪዎች ተለቆ፣ ማሳዮች በላይኪፒያና በደቡብ በተከለሉ ሁለት ስፍራዎች እንዲቀመጡ ተባለ። ውሉ የማሳይ ዘር እስካለ ድረስ የሚጸና ነው የሚል ቃል ነበረበት። ሰባት ዓመት ብቻ ጸና። በ1911 በሁለተኛ ውል ላይኪፒያም ተወሰደና ሰው ከነከብቱ ወደ ደቡብ ተነዳ። ማሳዮች ጠበቃ ይዘው በ1913 ከፍርድ ቤት ቀረቡ። ፍርድ ቤቱም ውሉ እንደ ሁለት መንግሥታት ስምምነት ስለሚቈጠር በእኛ ችሎት የሚታይ አይደለም ብሎ መለሳቸው። መሬቱን ለመውሰድ ሲሆን ተገዢ፣ ለመክሰስ ሲሆን የውጭ መንግሥት መሆናቸው ነው። በጽሕፈት ቤት የሚውል ሰው የዚህን ፍርድ ብልሃት ሳያስተውል አይቀርም።

ከዚያ ወዲያ ለግብርም ለእህልም ጥሬ ገንዘብ የግድ ሆነ። ልብሱም ተለወጠ። ቀድሞ የሚለብሱት የጥጃና የበግ ቆዳ ነበረ፤ ቀስ በቀስ ጨርቅ ተተካ። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ አሜሪካኒ ተብሎ የተሸጠው ጨርቅ እኛ አቡጀዲ ያልነው ዐይነት ነው። ዛሬ ሹካ የሚሉት ቀይ ባለ መስመር ኩታ ከፋብሪካ የሚወጣ ነው፤ አንዳንዱም ከቻይና ይመጣል። ቢሆንም ቀዩን የመረጠውና አለባበሱን የወሰነው የለበሰው ሰው ነው። በ2012 ሉዊ ቪቶን የተባለው የፓሪስ ልብስ ቤት የሹካን መልክ በወንዶች ልብስ ላይ ሲያወጣ፣ የቀዳው ከፋብሪካው ሳይሆን ከማሳዮች ነበረ።

ስለ ጦሩም አንድ ቃል ልጨምር። ጦሩን የሚቀጠቅጡት ኢልኩኖኖ የሚባሉት አንጥረኞች ናቸው። ሞራን የተባለው ጐበዝ በጦሩ ይመካል፤ የሠራለትን አንጥረኛ ግን ይንቃል፤ ልጁንም አያገባም ነበር። እኛስ? ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ባለ እጆች እንዳይሰደቡ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ስለዚህ በማሳይ ለመፍረድ እኛ አንቸኩል። ዛሬ በገበያው የሚሸጠው ጦር አብዛኛው በመንገደኛ ሻንጣ እንዲገባ ተፈታቶ የሚገጠም ሆኖ የተሠራ ነው፤ ለአንበሳ የሚሆን አይደለም።

የጐብኚው ንግድ ያደገው አገሩ ለአራዊት እየተከለለ ሲሔድ ነው። ሴሬንጌቲ በ1951 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1959 ማሳዮች ከዚያ ወጥተው ወደ ንጎሮንጎሮ ተዛወሩ። ማሳይ ማራ በ1961 ተከለለ፤ አምቦሴሊ በ1974 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ኬንያ በ1977 አደንን፣ በሚቀጥለውም ዓመት የአውሬ ቆዳና ቀንድ ንግድን ከለከለች። ስለዚህ ዛሬም ቢሆን የዝሆን ጥርስ ነው ብሎ በሹክሹክታ የሚያሳይዎት ሰው ቢመጣ ትተውት ይሒዱ፤ የያዘው እውነተኛ ከሆነ ወንጀል ነው፤ ሐሰተኛ ከሆነም ማታለል ነው።

አሁን ወደ ግዢው ልመለስ። «ቤይ ጋኒ?» ብለው ዋጋ ሲጠይቁ ከፍ ያለ ዋጋ ይጠራልዎታል። እኛም በመርካቶ ልማድ ግማሹን ጠርተን እንጀምራለን። ክርክሩ ነውር የለበትም፤ የገበያ ጨዋታ ነው። ነገር ግን ሰፊውን የአንገት ጌጥ ሲያነሡ ገልብጠው ይዩት። ዶቃው ብርጭቆ ነው ወይስ ፕላስቲክ? ረድፉ እኩል ነውን? ማሰሪያው ጠብቋልን? የሠራችው ሴት ማን እንደ ሆነች ይጠይቁ። ከነጋዴው ይልቅ ከሠሪይቱ እጅ መግዛት ቢችሉ ይሻላል። አስጐብኚው ወደ አንድ ሱቅ ብቻ የሚጐትትዎ እንደሆነ፣ ከሚከፍሉት ላይ ለእርሱ የሚደርሰው ድርሻ እንዳለ ይወቁ። ከተቻለዎም እዚያው ማሳይ አገር እስኪደርሱ ይታገሡ።

እዚያ ግን ጊዜ አይሰጥም። መኪናው በፓርኩ በር ላይ ለመግቢያ ሒሳብ ሲቆም፣ ሴቶቹ የአንገት ጌጡን በክንዳቸው ደርድረው በመስኮቱ በኩል ይቀርባሉ። ከእነርሱ አያቶች ደጅ ቶምሰን ዶቃ እያሰካ ቆይቶ ነበር፤ አሁን ነጂው ወረቀቱን አስፈርሞ እስኪመለስ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የብዙ ቀን ሥራ ዋጋው ይቈረጣል፤ የሚቈርጠውም በመስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው ነው። እኔም ከመስኮቱ ውስጥ ሆኜ አንዱን ጌጥ ከተጠራው ዋጋ በሲሶው ገዝቼ ስኵራራ እንደ ነበረ አልሸሽግም። በዚያው በር ለፓርኩ መግቢያ የተጠየቅነውን ገንዘብ ግን ሁላችንም ሳንከራከር ከፍለን ደረሰኛችንን ይዘን ገባን።