ሰንደል፦ ገበሬው እንዳይተክለው የተደረገው ዛፍ

በአገራችን «ሰንደል» ሲባል በቀጭን እንጨት ተለብጦ የሚጨሰው መዓዛ ይታወሳል። ስሙ ግን የአንድ ዛፍ ነው። በደቡብ ህንድ የሚበቅለው ይህ ዛፍ በሥሩ ከጎረቤት ተክል ምግብ ካልተካፈለ አይፋፋም። ዘይቱ ከግንዱ ውስጠኛ ክፍልና ከሥሩ ስለሚወጣ፣ ሲፈለግ ከነሥሩ ይነቀላል። የካናውጅ ከተማ ቀማሚዎች የጽጌረዳን እንፋሎት በዚሁ ዘይት ተቀብለው አታር የተሰኘውን ሽቶ ያወጣሉ፤ ሂንዱዎችም እንጨቱን በውሃ ፈትገው ግንባራቸውን ይቀቡታል።

የማይሶር ገዥ ቲፑ ሱልጣን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1792 ዛፉን የመንግሥት ንብረት አደረገው። ገበሬው በገዛ ማሳው የበቀለውን ሰንደል የራሱ ማድረግ ስላልቻለ የሚተክል ጠፋ፤ የጫካውንም ዘራፊ መነጠረው። የካርናታካ ግዛት ለባለመሬቱ ባለቤትነትን የፈቀደው በ2001 ነው፤ ያም ሆኖ ለመቁረጥ ዛሬም ፈቃድ ይጠየቃል።